ከፎቶው የተፋቀው እጅ

ወንድሜ ስልኩን ከኪሱ ባወጣ ቁጥር ቤቴ ውስጥ ክርክር ይነሳል። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ዕድሜውን በጭነት መኪና ሲመላለስ የኖረ። መንገዱ ስለሚናፍቀው ይመስለኛል አሁን በስልኩ ጨረቃና ማርስ ድረስ የሚሄደው። ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ እንኳ ቀድሞ ያወረዳቸውን ቪዲዮዎች እየደጋገመ ያይ ነበር። ኔትወርኩ የተመለሰ ሰሞን ደግሞ አዲስ ነገር አገኘ።

እሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰናል። ዝናቡ አላስወጣ ስላለን እኔና የልጅ ልጄ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ድንች እንልጣለን። የልጅ ልጄ እዚሁ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ቅዳሜና እሑድን እኔ ዘንድ ናት። እናቷ፣ አንዲቷ ልጄ፣ ባሕር ዳር ትኖራለች። ወንድሜ ጃንጥላውን በር ላይ አራግፎ ገባና ሳይቀመጥ ስልኩን ዘረጋልኝ።

"እትዬ፣ ይህን እይና ፍረጅ።"

አየሁ። ድንጋይ የበዛበት ቀይ ሜዳ ነው፤ ማርስ ነው አለኝ። ከሜዳው መሐል እንደ በር መቃን ቀጥ ያለ ነገር ቆሟል። ቀጥሎ ያው ሜዳ እንደገና ይመጣል፤ አሁን ግን መቃኑ የነበረበት ቦታ በእርጥብ ጨርቅ እንደተወለወለ ደብዝዟል።

"አየሽ? የጠፈር መሥሪያ ቤቱ ነው ያነሳው። ሌላ ፍጡር የሠራውን ነገር አዩ፣ ደነገጡ፣ ፋቁት። እኛ እንዳናይ!"

የልጅ ልጄ ከድንቹ ዓይኗን ሳታነሳ "አያ፣ ድንጋይ ነው" አለችው።

"ድንጋይ ከሆነ ለምን ይፋቃል?"

"አልተፋቀም።"

"ዓይን የለሽም እንዴ አንች ልጅ?"

"ዓይንማ አለኝ። ስልክ ነው የሌለኝ፤ ሙሉ ቀን እንዲህ ያለ ነገር የማይበት።"

በሰፈራችን ሰው ሲጣላ ለሽምግልና ከሚጠሩት አንዷ እኔ ነኝ። ሴት ናት ብለው መጀመሪያ ላይ ያጉረመረሙ ነበሩ፤ አሁን ራሳቸው ይልኩብኛል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቼ ግን ፈርጄ አላውቅም፤ ወንድሜም ይህን ስለሚያውቅ ነው ፍረጅ ያለኝ።

"የተከሰሰው የታለ?" አልኩት።

"ማን?"

"መሥሪያ ቤቱ ነዋ። በሌለበት አልፈርድበትም።"

"አሜሪካ ድረስ ሄጄ ልጥራልሽ?"

"አንተ ከሄድክማ መንገድ ላይ አሳፍረህ ገደል ትከተዋለህ። እሷ ትናገርለት።"

የልጅ ልጄ ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ክርክር ትወዳለች፤ በእኔ ወጥታለች። ፎቶው ከዚያ ሩቅ አገር አንዴ ሙሉውን እንደማይመጣ፣ በቁራጭ በቁራጭ እንደሚላክ ነገረችን። ያልደረሰ ቁራጭ ሲኖር ቦታው ይጎድላል። ከዚያ አንዱ አውርዶ ያሳንሰዋል፣ ሌላው ከሱ ተቀብሎ ያደምቀዋል፣ ሦስተኛው ቀይ ክብ ያደርግበታል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ፎቶው ይበላሻል።

"ታዲያ ለምን መቃኑ ላይ ብቻ ደበዘዘ?" አለ ወንድሜ።

"መቃኑን ብቻ ስለሚያዩ ነው። እስኪ እዚህ ጥግ ይዩ፤ ይኸም ደብዝዟል። እዚህም። እዚህ ምን ደበቁ? አሸዋ?"

ወንድሜ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ መለሰ፤ እንደገና አስጠጋ። እኔ ደግሞ ትእዛዜን ሰጠሁ። "የመጀመሪያው ፎቶ ይምጣ። ማንም ያልነካው።"

እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም ብዬ ነበር። ተገኘ። መሥሪያ ቤቱ ፎቶውን እንደመጣለት ለሰው ሁሉ የሚለጥፍበት ቦታ አለ አለችና ፈልጋ አወጣችው። እስኪከፈት ድንቹን ልጠን ጨረስን። ሲከፈት ደብዛዛ ቦታ የለበትም። ከጎኑ ጥላ የወደቀበት፣ የተሰነጠቀ ቋጥኝ ነው፤ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለው ዳገት እንዲህ ያለ ሞልቷል።

ልፈርድ አፌን ስከፍት ወንድሜ እጁን አነሳ። "ቆይ። ይኸ የመጀመሪያው ለመሆኑ ምስክሩ ማን ነው? እዚያ ማን ነበር?"

የልጅ ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ቋጥኙ አይናገርም፤ ያነሳው ማሽን ነው፤ የላከው እሱ ራሱ የተከሰሰው ነው። ሌላ ምስክር እስኪገኝ ነገሩ ይቆይ ብዬ ቀጠሮ ሰጠሁ። ወንድሜ በቀጠሮው ደስ ብሎት ተቀመጠ፤ እንዳሸነፈ ቆጠረው።

"ለመሆኑ ፎቶ እውነት እንዲህ ይፋቃል?" ብዬ የጠየቅኩት ዝም ላለማለት ያህል ነው።

የልጅ ልጄ ሳቀች። ወንድሜን ከነከዘራው ስልኩ ላይ አነሳችውና በጣቷ ከዘራውን አሸት አሸት አደረገችው። ከዘራው ጠፋ፤ ከኋላው ያለው የቤቴ ግድግዳ በቦታው መጣ። ወንድሜ ባዶ ነገር ጨብጦ ተቀምጧል።

"ኧረ እትዬ፣ ከዘራዬን ዘረፈችኝ!"

ሁለቱ ተያይዘው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባለቤቴን ፎቶ አየሁ።

ያ ፎቶ የተነሳው እዚሁ እንጅባራ፣ ፈረሰኞቹ በጥር ወር በሚሰበሰቡበት በዓል ላይ ነው። ባለቤቴ ፈረሰኛ ነበር። ያን ዕለት ፈረሱን ሸልሞ፣ ነጭ ለብሶ ሲወጣ ሰው ዞር እያለ ያየው ነበር፤ እኔም የሚያዩትን አይ ነበር። ፈረሱ ሰው አይፈራም፤ ጉግስ አይፈራም። የፎቶ አንሺውን ካሜራ ግን ፈራ። ሰውየው ጎንበስ ባለ ቁጥር ወደ ኋላ ይላል። ዛቡን፣ ከልጓሙ የሚወርደውን ጠፍር፣ ሄጄ ያዝኩለት፤ ፈረሱ ጸጥ አለ።

"ሴትዮ፣ ዞር በይ እንጂ! ፎቶው ውስጥ ገባሽ" አለኝ ፎቶ አንሺው።

ልሄድ ስል ባለቤቴ በአገውኛ እንዳትለቂው አለኝ። ከዚያ ወደ ፎቶ አንሺው ዞሮ በአማርኛ "እሷ ከለቀቀችው እኔንም ፈረሱንም ዳንግላ ነው የምታገኘን። እጇ ይግባ" አለው። ሰውየው ሳቀ። ትንሽ ወደ ጎን ሄደና አነሳን። ከእኔ የገባው እስከ ክርኔ ያለው ብቻ ነው፤ ዛቡን የጨበጠ እጄና አምባሬ።

ስንጋባ ፎቶ አንሺ አልነበረም። ከዚያ በኋላም ሁለታችን ለፎቶ ጎን ለጎን ቆመን አናውቅም፤ እርሻው፣ ልጅ ማሳደጉ፣ ፈረሱ፣ ዛሬ ነገ እያልን ቀረ። ስለዚህ እኔና እሱ አንድ ላይ ያለንበት ፎቶ ያ ብቻ ነበር። ሰው "እንዴ፣ እዚህ ላይ አንች የት አለሽ?" ሲለኝ ጣቴን እጄ ላይ አሳርፍ ነበር። ባለቤቴም አጠገቤ ካለ "ሌላው አካሏ ከፎቶው ውጭ ቆሞ እየተቆጣኝ ነው" ይል ነበር።

እሱ ሲያርፍ ለለቅሶው ቀን ትንሹ ፎቶ በትልቁ ይታጠብ ተባለና ዳንግላ ተላከ። ትልቁ በመስታወትና በእንጨት ፍሬም ሆኖ መጣ። በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ለቅሶው መሐል ይዞራል። ትልቁን ፎቶ አንድ ዘመድ ከፊት ይዞ ሄደ። የባለቤቴ እህት ደግሞ ትልቁ ከመጣ ትንሹም ጌታውን ያጅብ ብላ በመርፌ ቁልፍ ከኮርቻው ልብስ ላይ አያያዘችው። ለክብሩ ነው ያደረገችው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ፤ የእንጅባራ ዝናብ ለቅሶ አይልም፣ ሠርግ አይልም። ኮርቻውን ሲያወርዱ ምስሉ ከወረቀቱ ተላጦ ወርዷል። ለዚህ እሷን ተቀይሜያት አላውቅም፤ ያን ቀን ሁላችንም ልባችን ሌላ ቦታ ነበር።

ትልቁ ፎቶ ላይ እጄ እንደማይታይ አይቻለሁ። ግን ፍሬሙ የሸፈነው ነበር የሚመስለኝ። ዛቡ ከፈረሱ አፍ ተነስቶ ወደ ጠርዙ ይሄድና እንጨቱ ስር ይገባል። እጄ እዚያ እንጨቱ ስር ናት ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት ኖርኩ። አቧራውን ስጠርግ በዚያ በኩል ያለውን እንጨት በጣቴ ጫን አደርገው ነበር፤ ሰላም እንደማለት።

"አውርዱት" አልኳቸው።

ሳቃቸውን አቆሙ። ወንድሜ ፍሬሙን አወረደ፤ ምስማሮቹን በቢላዋ ጫፍ ፈንቅሎ መስታወቱን አነሳ። እንጨቱ ይሸፍነው በነበረው ቦታ ያለው ሰማያዊ ሰማይ ብቻ ነው። ዛቡ እዚያ ደርሶ ያልቃል። ተወጥሯል፤ ማንም አልያዘውም።

የልጅ ልጄ ጎንበስ አለች። ቀኑን ሙሉ ለዚያ መሥሪያ ቤት ስትከራከር የዋለችው ልጅ ዛቡን በጣቷ እስከ ጫፉ ተከተለችው። ቀስ ብላ "ይኸስ ተፍቋል፣ እማማ" አለች።

ወንድሜ ተነሳ። "ነገ ዳንግላ ሄጄ አንገቱን ነው የምይዘው!"

"የማንንም አንገት አትይዝም። ተቀመጥ። ሰውየው መጀመሪያ ይሰማል።"

እንዲህ ያልኩት ፍርድ ስለማውቅ ብቻ አይደለም። ትንሹ ፎቶ ለመታጠብ ሲላክ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፤ የመጀመሪያው፣ ያልተነካው፣ እዚያ ሊኖር ይችላል ብላኛለች የልጅ ልጄ። ሰውየውን የምፈልገው ለፀብ አልነበረም። እጄን ፍለጋ ነው።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቀን እኔና እሷ በሚኒባስ ወጣን። ወንድሜን አስቀረሁት፤ መሄድ የፈለገው በጡጫ ነበርና። በአዲስ ቅዳም በኩል ስናልፍ የከሰል ጆንያ መንገዱን ይዞ ተደርድሯል፤ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ፎቶውን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። የምናገረውን መንገዱን ሁሉ በሆዴ ስደረድር ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ስድብ ነበረበት።

ፎቶ ቤቱ ዳንግላ ገበያ አጠገብ ነው። ሰውየው ፀጉሩ ሸብቷል፤ ፊቱ ግን ደስተኛ ነው።

"እንኳን ደህና መጡ እማማ፤ ጉርድ ፎቶ ነው?"

ነጠላውን ፈታሁለት። "ይህን አንተ ነህ የሠራኸው?"

ዓይኑ በራ። "እኔ ነኝ! ሰማዩን አዩት? ያኔ ሰው የታጨቀበት ግርግር ነበር ከኋላው፤ ሁሉን አንስቼ ሰማይ አደረግኩት። በዚያን ጊዜ እንዲህ የሚሠራ በዳንግላ ሌላ አልነበረም።"

"ለሰማዩ አይደለም የመጣሁት። እዚህ ጋ እጅ ነበር።"

ጎንበስ ብሎ አየ። "እጅ... አዎ፤ መሰለኝ። ባለቤት የሌለው እጅ ነበረ። አካል የሌለው እጅ ፎቶ ላይ ሲታይ ያስፈራል እማማ፤ ለሐዘንተኛ ደግሞ ይከፋል ብዬ አጸዳሁት።"

"ባለቤት አለው" አልኩና እጄን ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

እጄን አየ፤ ፎቶውን አየ።

"አጥፋው ብሎ ያዘዘህ ነበር?"

"ማንም አላዘዘኝም።"

"አንተስ ማንን ጠየቅህ?"

"ማንንም አልጠየቅኩም፣ እማማ።"

በመንገድ የደረደርኩት ስድብ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ። እውነቱን ፊት ለፊት በሚነግርህ ሰው ላይ መጮህ ያስቸግራል። ወንድሜ የሚፈራው ከሩቅ ተቀምጦ የሚደብቅ ተንኮለኛ ነው። እኔን ከባለቤቴ ጎን የፋቀኝ ግን ሐዘንተኛ እንዳይከፋ ያሰበ ደግ ሰው ነው። የትኛው እንደሚብስ እስከ ዛሬ አልፈረድኩም።

"ጥፋት ነው" አልኩት።

"ጥፋት ነው" አለኝ።

"የመጀመሪያውን አምጣና ይቅር እንባባል።"

ከጓዳ ጨርቅ የለበሰ አሮጌ ኮምፒውተር አወጣ። እስኪነሳ ድረስ ደንበኞች መጡ፣ ነገ ተመለሱ እያለ ሸኛቸው። ከዚያ ፍለጋ ጀመረ። የማላውቃቸው ሙሽሮች፣ የተመረቁ ልጆች፣ የሞቱ ሰዎች አለፉ። ድንገት ባለቤቴ መጣ፤ ነጭ ለብሶ፣ ፈረሱ ላይ። ከኋላው ሰማያዊ ሰማይ።

"ይኸ አይደለም" አልኩት። "ከዚህ በፊት ያለው።"

ፈለገ። የልጅ ልጄ ወንበሩን ተቀበለችውና እሷም ፈለገች። መጨረሻ ላይ ሰውየው እጁን ከአገጩ ላይ አወረደ። "በመጀመሪያው ላይ ነው የሠራሁት፣ እማማ። ያኔ ሁለቱን ለየብቻ ማስቀመጥ አላውቅም ነበር። አዲሱ አሮጌውን በላው።"

ከቤት ስወጣ ተስፋዬ ትንሽ ነው ብዬ ነበር። ትልቅ እንደነበረ ያወቅኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ፎቶውን በነጠላ መጠቅለል ስጀምር ሰውየው ተጨነቀ።

"አንድ ነገር ላድርግ" አለኝ። "እጅዎ ይኸው አለ። አሁን አንስቼው በቦታው ልመልሰው። የሌላ ሰው አይደለ፤ የራስዎ ነው።"

የልጅ ልጄ አየችኝ። ሳላመነታ እሺ አልኩ።

"የትኛው እጅ ነበር?" አለኝ።

"ቀኝ።"

መብራቱን አበራ። የካሜራውን ማንገቻ በዛብ ፋንታ አስጨበጠኝ፤ ሳብ ያድርጉት አለኝ፤ ሳብኩት። አነሳው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ቆርጦ፣ አሳንሶ፣ አዙሮ ወስዶ ዛቡ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። በትክክል ገጠመ። ለዚህስ እጁ የተባረከ ነው።

አየሁት። ፈረሱ ላይ ያለው ሰው ልጃችን ዛሬ ካላት ዕድሜ ያንሳል። ከታች ያለችው እጅ ደም ሥሯ ወጥቷል፣ አንጓዋ አብጧል፣ አመልካች ጣቷ አይታጠፍም። ጎልማሳውን ልጇን በዓል የምትሸኝ እናት ትመስላለች። እሱ ደግሞ ወደዚያች እጅ አያይም፤ እንደማያውቃት።

"ሽብሽቡን ማለስለስ እችላለሁ" አለ ሰውየው ፊቴን አይቶ። "የልጅ እጅ ላደርገው..."

"እንደገና ልትፍቀኝ ነው?"

ደንግጦ ጣቱን አነሳ። የልጅ ልጄ ሳቋ አመለጣት፤ እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

"ከዚያ አንሳው" አልኩት። "ይህ እጅ እሱን ቀብሯል። ያኛው ያን ቀን ገና ምንም አያውቅም ነበር።"

"እማማ፣ የርስዎ እኮ ነው፤ ውሸት አይሆንም" አለችኝ የልጅ ልጄ።

"የእኔ ነው። ያን ቀን ግን እዚያ አልነበረም።"

አነሳው። ዛቡ እንደገና አየር ላይ ቀረ። ሰውየውን ይቅር አልኩት፤ ከእንግዲህ የሰው ፎቶ ሲነካ ባለቤቱን እንዲጠይቅና የመጀመሪያውን ለብቻ እንዲያስቀምጥ ቃል አስገባሁት። በሩ ድረስ ሸኘን፤ ቆሞም ቀረ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። የልጅ ልጄ ተጠግታኝ ተቀምጣለች። ትንሽ ከሄድን በኋላ "እናቴስ ያን ጊዜ የት ነበረች?" አለችኝ።

"የት ትሆናለች? ጡት ትጠባ አልነበር እንዴ፤ እኔው ዘንድ ነበረች።"

"አዝለዋት?"

"ፈረስ አጠገብ እንዴት አዝላታለሁ? አቅፌያት ነዋ።"

"በየትኛው እጅ?"

ሕፃን የማቅፈው በግራ ነው፤ እንግዲያ ዛቡን የያዝኩት በቀኝ ነው፤ ለሰውየውም ቀኝ ብየዋለሁ። ግን ልጄን ከፈረሱ ማራቅ ነበረብኝ። ፈረሱ በግራዬ ቆሞ ከነበረ ልጄን ወደ ቀኝ አዛውሬ በግራዬ ይዤዋለሁ ማለት ነው። በግራዬ ነበር የቆመው? አምባሬስ በየትኛው ነበር? ክንዴን አጥፌ የሌለች ሕፃን አቀፍኩ፤ ሌላውን እጅ ወደ ፊት ዘረጋሁ። አዛወርኩ። እንደገና አዛወርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቦታ የጠበበኝ መስሎት ወደ መስኮቱ ተጠጋልኝ።

ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። ሁለቱንም ያደረግኩት መሰለኝ።

ያን ቀን ፈረሱ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየኝ ሰው አንድ ነው፤ ይህን የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነበር። የልጅ ልጄ መልሴን ትጠብቃለች። እኔ ግን ሳላስበው በአገውኛ እሱን መጠየቅ ጀምሬ ነበር፤ በዝግታ፣ ጎኔ እንዳለ ሁሉ።